ሥራው ሲሰፋ ደመወዙ ሲቆም፦ የሞግዚቶች የክፍያ ድርድር በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ የቅጥር ልማድ ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢና ሁሉንም የምትሠራ የቤት ሠራተኛ የተለያየ ሥራና የተለያየ ክፍያ ያላቸው ስያሜዎች ናቸው። ልዩነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቅጥሩ ዕለት ርቆ አይሄድም። አንድ ሕፃን ለመጠበቅ የገባች ሞግዚት ሕፃኑ በተኛበት ሰዓት ልብስ እንድታጥብ፣ ውሎ አድሮም ወጥ እንድትሠራ፣ ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ ደግሞ አራሷን እንድትንከባከብ ትጠየቃለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ቀላል ነው፤ ድምሩ ሌላ የሥራ መደብ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዲህ እየሰፋ ሲሄድ ደመወዝ ለምን አብሮት እንደማይሄድ ያብራራል።

ያልተሟላ ውል

ሳንፎርድ ግሮስማንና ኦሊቨር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት መሠረት የጣሉለት የያልተሟላ ውል ንድፈ ሐሳብ ማንኛውም ውል የወደፊቱን ሁኔታ ሁሉ አስቀድሞ ሊዘረዝር እንደማይችል ያስገነዝባል። ዋናው ጥያቄ በውሉ ባልተጠቀሰው ጉዳይ ላይ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። ሐሳቡ ወደ ቤት ውስጥ ሥራ ሲወሰድ መልሱ ግልጽ ይሆናል፤ ውሳኔው የቤቱ ባለቤት ነው። በደላላ አማካይነት የሚደረገው የቃል ስምምነት ደመወዙን በብር ይቆርጣል፣ ተያዥ ያስጠራል፣ የሥራውን ወሰን ግን ክፍት ይተወዋል። ስለዚህ አንደኛው የውሉ ወገን፣ ማለትም ደመወዙ፣ የታሰረ ሲሆን ሌላኛው፣ ማለትም ሥራው፣ ልቅ ነው።

ጭማሪ የሚመስል ቅናሽ

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው ደመወዙ በሰዓት ሲሰላ ነው። ለማሳያ ያህል፣ በወር 3,000 ብር ተስማምታ 26 ቀናት በቀን 10 ሰዓት የምትሠራ ሞግዚት በሰዓት 11.54 ብር ገደማ ታገኛለች። አዳዲስ ተግባራት ውሎዋን ወደ 14 ሰዓት ቢያደርሱትና ደመወዟ ባይለወጥ የሰዓት ክፍያዋ ወደ 8.24 ብር ይወርዳል። አሠሪዎቿ ተገቢ መስሏቸው 20 በመቶ ቢጨምሩላት እንኳ 3,600 ብሩ በሰዓት 9.89 ብር ብቻ ስለሚሆን ከመነሻው በ14 በመቶ ያንሳል። የቀድሞውን የሰዓት ክፍያ ለመጠበቅ 4,200 ብር ያስፈልጋል። አሠሪዋ ጭማሪ ሰጥቻለሁ፣ ሠራተኛዋ ተጎድቻለሁ ሲሉ ሁለቱም ከልባቸው ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሕፃኑ ከሞግዚቷ ጋር የሚያድር ከሆነ ደግሞ የሌሊቱ ሰዓት ከነጭራሹ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።

ዝምድናና ስንብት

አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራው፣ በአንድ ግንኙነት ያልረካ ወገን ቅሬታውን የማሰማት ወይም ጥሎ የመውጣት ምርጫ እንዳለው፣ ታማኝነትም በሁለቱ ምርጫዎች ላይ ተጽዕኖ እንደሚያሳድር አሳይቷል። በቤት ውስጥ ሥራ ታማኝነት የዝምድና ቋንቋ ይለብሳል። አሠሪዋ “እትዬ” ተብላ ትጠራለች፤ ሠራተኛዋም “እንደ ልጃችን ናት” ትባላለች። ይህ አጠራር እውነተኛ ፍቅርና እንክብካቤ ሊያዝል ይችላል። ያም ሆኖ ልጅ ከወላጅ ጋር ደመወዝ ስለማትደራደር የክፍያ ጥያቄ እንደ ውለታ ቢስነት እንዲቆጠር መንገድ ይከፍታል። ከሕፃኑ ጋር የተፈጠረው ቁርኝትም የሞግዚቷን አንደበት ይይዛል።

አንደበት ሲያዝ የሚቀረው መውጣት ነው። ከበዓል በፊት ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ሄዶ አለመመለስ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ክህደት ይታያል፤ ከድርድር አንጻር ሲታይ ግን ሳይነገር የቀረ የደመወዝ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። የሚከፈለው በእያንዳንዱ ቅጥር የሆነ ደላላም ከዝውውሩ ይጠቀማል። የለመደውን ሰው በድንገት የሚያጣው ሕፃን ግን በድርድሩ ያልተሳተፈ ተጎጂ ነው።

የሕጉ ክፍተት

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ አንዳንድ ድንጋጌዎችን ይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣና የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ይተወዋል። በአንጻሩ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሠራተኞች ሞዴል የሥራ ውል እንዲዘጋጅ ይደነግጋል። በውጤቱም ለቤይሩት ወይም ለሪያድ ቤት የታሰበው የጽሑፍ ውል ለአዲስ አበባው ቤት አልታሰበም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 7 የሥራው ዓይነት፣ ክፍያው፣ የክፍያው ስሌትና መደበኛው የሥራ ሰዓት ለሠራተኛዋ እንዲገለጹ፣ በተቻለ መጠንም በጽሑፍ እንዲሆኑ ያሳስባል። በአንቀጽ 10 ደግሞ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍትን ይደነግጋል።

ድርድሩን የሚያስጀምር ውል

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ የሚመነጨው መፍትሔ ሁሉንም ተግባር የሚዘረዝር ረጅም ውል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ውል ሊጻፍ አይችልም። የሚያስፈልገው ድርድርን ራሱ የውሉ አካል የሚያደርግ አጭር ስምምነት ነው። የመነሻ ተግባራቱና ሰዓቱ ይጻፋሉ፤ ክፍያውን እንደገና የሚያስከፍቱ ክስተቶች፣ ለምሳሌ የሁለተኛ ልጅ መወለድ፣ የዘመድ ወደ ቤት መግባት፣ የምግብ አብሳይዋ መሰናበት፣ በስም ይጠቀሳሉ። እንዲህ ሲሆን ጥያቄውን የሚያነሳው ውሉ ስለሚሆን ሞግዚቷ ውለታ ቢስ አትባልም። አሠሪው ተጨማሪ ገንዘብ ከሌለው ደግሞ ለማታ ትምህርት የተጠበቀ ሰዓት፣ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ ወይም ለአጠባ በተመላላሽ የምትመጣ ሠራተኛ የድርድሩ አካል ሊሆኑ ይችላሉ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ተግባራዊ ፍቺ ያገኛል። በዘርፉ የሚካሄድ ቀጣይ ጥናትም የወር ደመወዝን ብቻ ሳይሆን የተግባራቱን ብዛትና የሥራ ሰዓቱን ከቅጥሩ ዕለት ጀምሮ ቢመዘግብ፣ በወር ደመወዝ ሥር ተሰውሮ የቆየውን ቅናሽ ለመለካት ያስችላል።