ትንሹን የወንዝ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ስለ ማኖር

ቡላንዤ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. አቢሲኒከስ ብሎ የሰየመው፥ በአፉ ዙሪያ ሦስት ጥንድ ሪዝ ያለው ትንሽ ዓሣ በጣና ይገኛል፤ ኑሮውም በውሃው ግርጌ ነው። ይህን ዓሣ ለተማሪዎች ማሳያ በገንዳ ለማኖር የሚሻ ሹም፥ ውሃው ቀዝቃዛና የሚንቀሳቀስ እንዲሆን ያድርግ፤ በቆመ ውሃ ውስጥ አየር ያንሳልና። ሪዙ እንዳይቈስል ከግርጌ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፍ፤ ለመሸሸጊያም ድቡልቡል ድንጋይ ይደርደር።

ጓደኛ ሲመረጥ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በጎጃሟ ደምበጫ ስም የተጠራው፥ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ እየፋቀ የሚበላው ጋራ የተባለው ዓሣ ይስማማዋል። አምባዛ ግን ይውጠዋል፤ ቀረሶም ስፍራውን ይነጥቀዋል።

ገንዳው ለማየት እንጂ ወንዙን ለመተካት አይደለም። የወንዙ ዳር ዛፍ ተመንጥሮ አፈሩ ከወረደ፥ የዓሣው መሸሸጊያ ድንጋይ ይቀበራልና፥ ሹማምንት አስቀድመው ወንዙን ሊጠብቁ ይገባል።