ተጨማሪ መረጃ፦ ክትባት ሳይሞቅ እንዴት ይጓዛል?
ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ክትባት ወደ ገጠር ጤና ኬላ ሲወሰድ መያዣው ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም። ታዲያ ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ከፋብሪካ እስከ ተከታቢው ድረስ ይህን ቅዝቃዜ የሚጠብቀው አሠራር የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይባላል።

በመያዣው ውስጥ ውሃቸው በረዶ የሆነ ጥቅሎች ይደረደራሉ። 1 ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ቀልጦ እስኪያልቅ ግን መጠነ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ አይነሣም። በዚህ ጊዜ የሚወሰደው ሙቀት ድብቅ ሙቀት ይባላል። የመያዣው ወፍራም ግድግዳ ደግሞ በመንገድ የሚያጋጥመው የጀማ ሸለቆ ሙቀት ቶሎ እንዳይገባ ይከላከላል።

ከመጠን ያለፈ ቅዝቃዜም ይጎዳል፤ የቴታነስ ክትባት በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ስለዚህ ጤና ባለሙያዋ ከፍሪዘር የወጣውን ጥቅል በቀጥታ አትጠቀምበትም፤ ሲወዘወዝ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ታቆየዋለች።

ሞክሩት፦ በረዶ ሲጥል በሁለት ጣሳ እኩል ሰብስቡ። አንዱን በባና ጠቅልሉ፤ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። የትኛው ቀድሞ ቀለጠ? ለምን?