ባሕርን በመስታወት ውስጥ ለማኖር
የኮራል ገንዳ ለመጀመር የሚያስብ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊያዘጋጃቸው ስለሚገባው ዕቃዎች

በሃያ ሁለትና በቦሌ አካባቢ አዳዲስ ቤቶች በየጊዜው እየተሠሩ፤ ነዋሪዎቻቸውም ሳሎናቸውን በልዩ ልዩ ጌጥ ማሳመር እየለመዱ መጥተዋል። ከነዚህም ጌጦች አንዱ ዓሣን በመስታወት ገንዳ ማኖር፤ ማለት አኳሪየም ነው። ዛሬ ግን ልጆች የባሕርን ወለል በቴሌቪዥንና በስልክ ስለሚያዩ፤ በቧንቧ ውኃ የሚኖር ዓሣ ብቻ አይበቃቸውም። እንደ አበባ የሚወዛወዙትን ኮራሎችና በመካከላቸው የሚመላለሱትን ባለ ቀለም ዓሦች በቤታቸው ለማየት ይመኛሉ።

ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙትን ፍጥረታት በቅርብ እያዩ ማድነቅ ለሕፃንም ለሽማግሌም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፍጥረቱ ከባሕር ወጥቶ ወደ ቤት በገባበት ሰዓት፤ በባሕር ሳለ ያለ ዋጋ ያገኘው የነበረውን ማዕበል፣ ሙቀት፣ ጨውና ብርሃን ሁሉ ከቤቱ ጌታ እጅ ይጠብቃል። አንድ ሌሊት ቢጐድልበት ጮኾ አይጣራም፤ ዝም ብሎ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፤ የትኛውን ዕቃ አስቀድሞ የትኛውን አስከትሎ መግዛት እንደሚገባው ማወቅ አለበት።

በሱቅ መስኮት አስቀድሞ ዓይን የሚስበው የሚያምረው መብራት ነው። በአዲስ አበባ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እንላለን። አንደኛ ውኃ፤ ሁለተኛ የውኃው መንቀሳቀስ፤ ሦስተኛ ሙቀት፤ መብራት የመጨረሻው ነው። ምክንያቱንም እንሆ እንደሚከተለው እንዘረዝራለን።

ኮራል ምንድን ነው?

ኮራል አበባም ደንጊያም አይደለም፤ እንስሳ ነው። እጅግ ትንንሽ የሆኑ ብዙ አካላት በአንድነት ተያይዘው የሚኖሩበት ፍጥረት ሲሆን፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያስጠጋሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለአስጠጋቸው እንስሳ ያካፍላሉ። ደንጊያ የሚሠሩት ወገኖች ደግሞ ካልሲየምን ከባሕሩ ውኃ እየሳቡ አጽማቸውን ያንጻሉ። የኮራል ዐለቶች የሚሸፍኑት ከባሕር ወለል አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላውን ነው፤ ሆኖም ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት ወገኖች ሩብ የሚያህሉት በነሱ ይጠለላሉ።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፤ ኮራል ለምድራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከ100 ሺህ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ክንድ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ገብቶ ሳለ፤ በዳናክል ዳርቻ የኮራል ዐለቶች በቅለው ነበር። ባሕሩ ተቋርጦ ሲደርቅ ዐለቶቹ ደንጊያ ሆነው በደረቁ ምድር ላይ ቀርተዋል፤ ጨውም በወለሉ ላይ ተነጥፎ ቀርቷል። የአሞሌ ጨው እየተቈረጠ በግመል ይጫን የነበረው ከዚያ ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው፤ «አሞሌው ከባሕር የተገኘ ከሆነ እርሱኑ በውኃ አሟምተን የባሕር ውኃ ብናደርገውስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይሆንም። የባሕር ውኃ በፀሐይ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ጨዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። አስቀድሞ ካልሲየም ያለበት ኖራና ጄሶ ይረጋል፤ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፤ በመጨረሻም ማግኒዥየምና ፖታሲየም። አሞሌ የመካከለኛው ድርሻ ብቻ ስለ ሆነ፤ ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት ነገር ይጐድለዋል። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ሁሉም በመጠኑ የተቀላቀለበትን የባሕር ጨው መግዛት ግድ ይሆናል።

ገንዳውና ክብደቱ

ለጀማሪ እጅግ ትንሽ ገንዳ ይቀላል የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጥቂት ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎ ይበርዳል፤ ቶሎም ይበከላል። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ከአፉ ዝቅ ተደርጎ ሲሞላና ደንጊያው ሲገባበት የሚቀረው ንጹሕ ውኃ ወደ 170 ሊትር ነው። ለመጀመሪያ ይህ መጠን ይበቃል።

እንዲህ ያለው ገንዳ ከነመስታወቱ፣ ከነደንጊያውና ከነመቆሚያው 280 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፤ አራት ጐልማሶች ዘወትር በአንድ ስፍራ እንደ ቆሙ መቍጠር ነው። በፎቅ የሚኖር ሰው በክፍሉ መካከል ሳይሆን በጠንካራው ግድግዳ አጠገብ ያቁመው። በሰፈር ባለ ሙያ የሚያሠራ ቢሆን፤ ማጣበቂያው ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ መርዝ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጥ፤ ሲሊኮኑ በሚገባ ከደረቀም በኋላ በቧንቧ ውኃ ሞልቶ ጥቂት ቀናት ይፈትነው። የሚያፈስ ገንዳ በባዶው ቢታወቅ ይሻላል።

አንደኛ፤ ውኃ

የከተማችን ውኃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፤ እንዲሁም ከአቃቂ ጕድጓዶች ይመጣል። ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ልዩ ልዩ የሟሙ ነገሮችም አሉበት። ለሰው የማይጐዳው ለኮራል ይጐዳልና፤ ውኃው በኦስሞሲስ ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

ይህንን ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ያስብ። መጀመሪያ፤ ማጣሪያው በሚገባ የሚሠራው ውኃው ቢያንስ በ3 ባር ያህል ኃይል ሲገፋው ነው። ከጣራ ላይ ካለ ሮቶ የሚወርድ ውኃ ግን በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ብቻ ስለሚያገኝ አይበቃውም፤ ስለዚህ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ አብሮ ይገዛ። ሁለተኛ፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ውጭ ይፈሳል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ይህንን ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ነው። በበርሜል ተጠራቅሞ ለወለል፣ ለልብስና ለመጸዳጃ ይሁን። ለገንዳውም የሚሆን ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን የተጣራ ውኃ ምንጊዜም ተቀምጦ ይገኝ።

በአንድ ሊትር የሚገባው ቅልቅል ጨው 37 ግራም ያህል ነው፤ ለ170 ሊትር ከ6 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን ከውኃው አንድ አሥረኛው በየሳምንቱ ቢለወጥ፤ ለዓመቱ ወደ 33 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ጨው ያስፈልጋል። ጨው የአንድ ቀን ወጪ ሳይሆን የዘወትር ቀለብ መሆኑን የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ አስቀድመው ይስማሙ። የጨውነቱ ልክ በሬፍራክቶሜትር ሲለካ በሺህ 35 መሆን አለበት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት ውኃው በብዛት ይተናል፤ የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለምና፤ የጐደለው በየቀኑ በጣፋጭ ውኃ ብቻ ይሞላ።

ሁለተኛ፤ እንቅስቃሴ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም ከባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በሞቃት የባሕር ጠረፍ በአንድ ሊትር ከ6 እስከ 7 ሚሊ ግራም የሚገኘው፤ በእኛ ዘንድ 5 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የውኃው ገጽ ዘወትር መናወጥ አለበት። ለጀማሪ የሚስማሙት ለስላሳ ኮራሎች፤ በሰዓት የገንዳውን ውኃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያዞር ፓምፕ ይበቃቸዋል። ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ትንንሽ ይሻላሉ፤ አንዱ ቢቆም አንዱ ይቀራልና።

አረፋ ገፋፊ የሚባለውም መሣሪያ ጠቃሚ ነው። ቅቤ ሲነጠር ጕድፉ ከአረፋው ጋር እንደሚገፈፍ ሁሉ፤ እርሱም በደቃቅ የአየር ፊኛዎች እድፉን ከውኃው ያወጣል፤ አየርም ይጨምራል።

መብራት ሲጠፋ ግን ይህ ሁሉ ይቆማል። ዓሦች በብዙ የሚሞቱት ያን ጊዜ ነው፤ በጨለማ በመቅረታቸው ሳይሆን በመታፈን። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል፤ ግማሹ ብቻ እንኳ 5 ዋት የሚፈጅ አየር መንፊያን ስምንት ሰዓት ያሠራል። ለዚህ ባትሪ ገንዘብ ያልተረፈው ሰው የዓሣውን ግዢ ያቆየው።

ሦስተኛ፤ ሙቀት

በሞቃት አገሮች ገንዳ ያላቸው ሰዎች የሚቸገሩት ውኃውን በማቀዝቀዝ ነው። የኛ ችግር ሌላ ነው፤ ኮራል 25 ዲግሪ ያህል ሲሻ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ክፍሉን ከዚያ እጅግ ያወርደዋል። ለተባለው ገንዳ አንድ ባለ 200 ዋት ከመግዛት ይልቅ ሁለት ባለ 100 ዋት ማሞቂያዎች ይሻላሉ። አንዱ ተበላሽቶ አልጠፋ ቢል ውኃውን ብቻውን ቶሎ ሊያፈላው አይችልም። ሙቀት መለኪያም ከማሞቂያው ተለይቶ ይገዛ። መብራት በሄደ ሌሊት የገንዳውን ጐንና ጐን ጋቢ ማልበስ ሙቀቱን ያቆያል፤ አፉ ግን አይሸፈን።

አራተኛ፤ ብርሃን

ለለስላሳ ኮራሎች መጠነኛ የኤል ኢ ዲ መብራት ይበቃል። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲበራ በታይመር ይታሰር፤ ፍጥረቱ ቀንና ሌሊት ያውቃልና። ገንዳውን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ማቆም አልጌ ማብዛት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ጥንቃቄ

ብዙ ዕቃ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። በዚያ አገር የሚሠራበት ኃይል 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፤ በእኛ አገር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በዕቃው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ከሌለ በቀር በሶኬታችን አይሰካ። ዘመዶች ከመግዛታቸው በፊት ይህንን ይነገራቸው። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ የሚንጠባጠብ ውኃ በዚያ እንዲወድቅ። ዲቫይደሩ ከወለል ከፍ ብሎ ይሰቀል። ምድር ገመድና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ ማቋረጫ መኖሩንም ባለ ሙያ ይይልን። ጨው ያለበት ውኃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ቤት ሕፃናት አሉና፤ በዚህ ላይ ቍጠባ የለም።

ስለ ትዕግሥትና ስለ ቤት ልማድ

ዕቃው ሁሉ በተሟላ ማግሥት ዓሣ አይገባም። ከእድፍ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ የሚለውጡ ደቃቃን ሕዋሳት በደንጊያው ላይ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። መመርመሪያው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲያሳይ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ይግባ፤ እነርሱም ከባሕር የተጠመዱ ሳይሆን በሰው እጅ የተራቡ ቢሆኑ ይመረጣል። ደንጊያ ሠሪ ኮራሎችን በሚመለከት፤ በዱር ፍጥረታት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠብቃቸዋል። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. በስምምነቱ ገብታለች። ስለዚህ ፈቃዱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ሻጭ አይገዛም።

የቤታችንንም ልማድ ማሰብ ይገባል። አየር መንፊያው በክፍሉ ያለውን አየር ሁሉ ወደ ውኃው ይጨምራል። ስለዚህ ዕጣንና የቡና ከሰል ከሚጨስበት ስፍራ ይራቅ። የበረሮና የትንኝ መድኃኒት በዚያ ክፍል ፈጽሞ አይረጭ፤ ለዓሣም ለኮራልም ብርቱ መርዝ ነው። በመዳብ ወይም በነሐስ ዕቃም ውኃ አይቀዳለት። ቤተ ሰቡ ለግሸን ወይም ለሌላ ንግሥ በሚጓዝበት ጊዜ፤ ዓሣው ጥቂት ቀን ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን አንድ ሌሊት ማደር ያቅተዋል። ስለዚህ ለጎረቤት የሚሰጠው አደራ ማብላት ሳይሆን መብራቱንና ባትሪውን ማየት ነው።

ይህን ሁሉ አስልቶ አቅሙ ያልደረሰ ቤተ ሰብ ቢኖር አይዘን። መስታወቱን፣ ማሞቂያውን፣ አየር መንፊያውንና ባትሪውን ገዝቶ፤ ለአንድ ዓመት በጣፋጭ ውኃ የሚኖሩትን ዓሦች ያሳድግ። ክሎሪን የጠፋለት የቧንቧ ውኃ ለብዙዎቹ ይበቃቸዋል። ልጆቹም በየማለዳው ሙቀት መለካትን፣ በመጠን ማብላትንና በየሳምንቱ ውኃ መለወጥን ይለምዳሉ። ዓመቱ ሲፈጸም ከዕቃው አብዛኛው ለባሕሩ ገንዳ ያገለግላል፤ ጨው፣ ማጣሪያ፣ ውኃውን የሚያዞሩ ፓምፖችና የኮራሉ መብራት መጨመር ይቀራል። በዚያን ጊዜ የሚገባው ኮራል የሚጠብቁት እጆች ተዘጋጅተው ያገኛል።