ለሙዚቃ ቴአትር የት እንቀመጥ?

ከአዳማ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ቴአትር ለማየት ለሚሄድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከመግቢያው ትኬት ይልቅ የሚከብደው መንገዱ ነው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው ማጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን የደርሶ መልሱ ሒሳብ፥ የምሳው፥ የማኪያቶው፥ ሲመሽም የመመለሻው ጭንቀት ተደምሮ ሲታይ የአንድ ቀን ቴአትር የብዙ ቀን የኪስ ገንዘብ ይበላል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ከምሰሶ ኋላ ወይም ከድምፅ ማጉያ ሥር የተቀመጠ ሰው ቴአትር አየሁ ቢል፥ ምን አየህ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ስለ መቀመጫ መነጋገር የቅንጦት ወሬ አይደለም።

ዛሬ የምንነጋገረው በተለይ ዘፈንና ውዝዋዜ ስላለበት ቴአትር ነው። ይህ ዓይነቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከጠላት ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቴአትሮቹ ውስጥ መዝሙር ያስገባ ነበር፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅርም ሙዚቃንና ቴአትርን በአንድ መድረክ ሲያሳይ ኖሯል። ታዲያ ንግግር ብቻ ላለበት ቴአትር የሚመረጠው ወንበር ሁልጊዜ ለሙዚቃው አይስማማም። ንግግር ብቻ ሲሆን የተዋናዩን ፊት ለማየትና ቃሉን ለመስማት መቅረብ ይበቃል። ሙዚቃ ሲጨመር ግን ጆሮ አንድ ነገር፥ ዓይን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቦታ ማግኘት ነው ዋናው ሥራ።

በመጀመሪያ የጆሮን ጉዳይ እንይ። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ብርሃን ግን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ላለው ርቀት ጊዜ ፈጀ አይባልም። እንግዲህ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ከበሮ መቺው እጁን ሲያሳርፍ ያያል፤ ምቱ የሚደርሰው ግን ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ በኋላ ነው። ይህ ሲነገር ኢምንት ይመስላል። ሆኖም የተወዛዋዡ እግርና የከበሮው ድምፅ ሲለያዩ ማየት፥ ምክንያቱ ሳይገባን ከትርኢቱ ያርቀናል፤ «ዛሬ ቡድኑ አልተዋሐደም» ብለን በሰዎቹ እንፈርዳለን። በ17 ሜትር ላይ ግን መዘግየቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ደግሞም ድምፅ በቀጥታ ብቻ አይመጣም፤ ከግድግዳና ከጣራ እየነጠረም ይደርሰናል። የነጠረው ድምፅ ከቀጥተኛው በሴኮንድ አንድ ሃያኛ ውስጥ ተከትሎ ከገባ ጆሮ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፥ ዘፈኑም ሙላት ያገኛል። ከዚያ ዘግይቶ በኃይል ሲመጣ ግን የገደል ማሚቶ ይሆንና ግጥሙን ያጠፋዋል። የሰው ገላና ልብስ ድምፅን ስለሚመጥ አዳራሹ ሲሞላ ማሚቶው ይቀንሳል፥ ባዶ ሲሆን ይበረታል። በጠዋት ልምምድ ላይ ያስተጋባ የነበረው አዳራሽ ማታ ጥሩ ሆኖ የሚገኘውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ተመልካች በጣት በሚቆጠርበት ቀን ወደ ፊት ጠጋ ማለት፥ ጢም ብሎ በሞላበት ቀን ግን ራቅ ብሎ መቀመጥ ብዙም አይጎዳም።

ወደ ዓይን እንለፍ። ከ20 ሜትር በላይ ሲርቅ የተዋናይ የፊት ገጽታ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በረድፍና በረድፍ መካከል አንድ ሜትር ያህል ቢኖር ወደ 20ኛው ረድፍ ገደማ ማለት ነው። ለመቅረብም ወሰን አለው። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። መድረኩ ከዚህ ከፍ ካለ በፊት ረድፍ የተቀመጠው ሰው የመድረኩን ወለል ከቶ አያይም፤ ተወዛዋዦቹ ሁሉ ከቁርጭምጭሚት በታች ያልተፈጠረላቸው ይመስሉታል።

እዚህ ላይ የውዝዋዜው ዓይነት መቀመጫውን ይወስናል ብንል ማጋነን አይሆንም። እስክስታ የትከሻና የአንገት ስለሆነ ቀርቦ ማየቱ ደስ ያሰኛል፤ የአርሲ ልጃገረዶች ራሳቸውን ሲወዘውዙም እንዲሁ ነው። የጉራጌ ጨዋታ ግን የእግር ነው። የሸዋ ኦሮሞ ረገዳም እግር መሬት የሚረግጥበት ስለሆነ እግሩን ያላየ ሰው ግማሹን አላየም። የሐረርጌን ሸጎዬ ያየን እንደሆነ ደግሞ ወንዶችና ሴቶች ትይዩ ተሰልፈው የሚጫወቱት በመሆኑ፥ ውበቱ በአንዱ ሰው ላይ ሳይሆን በሁለቱ ሰልፎች መካከል ነው። ይህን ከታች ሆኖ አንጋጦ የሚመለከት ሰው የፊተኞቹን ጀርባ እንጂ ጨዋታውን አያገኝም፤ ከፍ ካለ ቦታ ሲታይ ግን ቅርጹ ይገለጣል። እንግዲህ አዳማን በመሰለ ከተማ፥ የሸዋው፥ የአርሲውና የሐረርጌው ጨዋታ በአንድ ምሽት ሊታይ በሚችልበት ስፍራ፥ የፊት ወንበር ለማግኘት መጋፋት ምን ይጠቅማል?

የፊት ረድፍ የክብር ቦታ የሆነበት ምክንያት ሲታሰብ ያስገርማል። የጥንት ግሪኮች ለካህናትና ለሹማምንት የፊቱን ድንጋይ ይለቁ ነበር፤ የእነሱ ጭፈራ ግን ከፍ ባለ መድረክ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ባለ ክብ ሜዳ ስለነበረ ነገሩ ትርጉም ነበረው። በኋላ ዘመን በኢጣልያ መሳፍንት ቤት የመድረኩ ሥዕል ርቀትን አስመስሎ ሲሣል፥ ሥዕሉ በትክክል የሚታየው መስፍኑ ከሚቀመጥበት ከመካከለኛው ትይዩ ስፍራ ነበር። ከዚህም የምንረዳው መሳፍንቱ ራሳቸው አፍንጫቸውን መድረኩ ላይ ደግፈው አለማየታቸውን ነው። የጀርመኑ የሙዚቃ ደራሲ ዋግነር ደግሞ በ1876 እ.ኤ.አ. በባይሮይት ባስከፈተው ቴአትር ቤት በጎን የሚደረደሩትን የመኳንንት ክፍሎች ትቶ፥ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ መድረኩ አዙሮ፥ ኦርኬስትራውንም ከመድረኩ ሥር ሸሸገው። ሰው ሁሉ እኩል እንዲያይና የዘፋኙ ድምፅ በመሣሪያው እንዳይዋጥ ብሎ ነው።

ሰገነት ባለበት ቤት የሰገነቱ የመጀመሪያ ረድፍ ብዙ ጊዜ የተናቀ ሀብት ነው። ድምፁ ያለ ከልካይ ይደርሳል፥ የውዝዋዜው ቅርጽ ይታያል፥ ከፊት የሚጋርድ ራስም የለም። የሚያስፈራው ከሰገነቱ ሥር በጥልቀት ገብቶ መቀመጥ ነው፤ እዚያ ከጣራው የሚመለሰው ድምፅ ስለሚታገድ ዘፈኑ በትራስ የታፈነ ያህል ይሰማል። በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ ኢዮቤልዩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስም የተከፈተውን፥ በኢጣልያኖች ጊዜ ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ የነበረውን ብሔራዊ ቴአትር የመሰለ ሰፊ ቤት የሚገባ ሰው፥ መካከለኛውን መተላለፊያ ይዞ ከመድረኩ ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ አምስተኛው ረድፍ ቢፈልግ አይቆጭም። አገር ፍቅርን በመሰለ ጠበብ ያለ ቤት ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ጊዜ አናጥፋ፤ ምሰሶና ጥግ መሸሽ ይበቃል።

ችግሩ የሚበረታው በእኛው ከተሞች ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ትርኢት የሚታይባቸው አዳራሾች አብዛኛውን ጊዜ ለስብሰባ የታሰቡ ናቸው። ወለሉ ደልዳላ፥ ወንበሩ ተንቀሳቃሽ ሲሆን አምስተኛው ረድፍ የአራተኛውን ማጅራት ያጠናል። እዚህ ላይ ወንበርን በቀጥታ ከፊተኛው ኋላ አለማድረግ፥ በሁለት ራሶች መካከል በሚገኘው ክፍተት አንጻር ማዞር ነው መድኃኒቱ። ሙቀቱ ሲበረታ በሩና መስኮቱ ስለሚከፈት ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከዘፈኑ ጋራ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

ማይክራፎን በሚሠራበት ምሽት ደግሞ ሌላ ብልኃት አለ። ከአንዱ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ያንን አንዱን ብቻ ነው፤ ዘፋኙ በግራ ቆሞ ድምፁ በቀኝ ይመጣበታል። ድምፅ ተቆጣጣሪው መሣሪያውን ዘርግቶ የተቀመጠበትን ስፍራ ግን ፈልጉ። እርሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በራሱ ጆሮ እየለካ ስለሆነ፥ ከእርሱ ፊት ለፊት ወይም ጎን ያለው ወንበር እርሱ የሰማውን ያሰማል። (ተቆጣጣሪው ከመጋረጃ ኋላ ተሸሽጎ ከሆነ፥ የዚያን ምሽት እግዜር ይርዳን።)

ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በኪነት ምሽቶቻችን ሁለቱ የፊት ረድፎች ለክብር እንግዶች ተለይተው ይቀመጣሉ፤ እንግዶቹ ሲዘገዩ ልጆቻችን ለባዶ ወንበር ይዘፍናሉ፥ ተማሪውም ከኋላ ቆሞ ያያል። ለእንግዶቹ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ረድፍ መካከሉ ቢሰጣቸው ክብራቸው አይቀንስም፥ የሚያዩትና የሚሰሙትም ይሻላል። ከፊት ቁመታቸው አጠር ያሉት ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ፤ የድምፅ መሣሪያውም ከመድረኩ ጎን ተነሥቶ ወደ አዳራሹ መካከል ይምጣ። ይህ ሁሉ ወንበር ከማዞርና ገመድ ከማስረዘም በቀር ወጪ የለውም። አንድ ኮት ከአንድ ወንበር በላይ አይዝም የሚል ጽሑፍም በሩ ላይ ቢለጠፍ መልካም ነው፤ ባለፈው ምሽት አንዲት ሹራብ ስድስት ወንበር ይዛ አይተናል።