በአንድ የኃይል ምንጭ ብቻ መኖር የሚያመጣው ችግር

(በሬዲዮ የተነገረ)



ክብሪት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን፥ ማታ እሳቷን አዳፍና ማደር የረሳች ባለቤት ማለዳ ተነሥታ ከጎረቤቷ ዘንድ እሳት ትጭር ነበር። ጎረቤቷ በቤቷ ካለች መልካም ነው። ከሌለች ወይም ከተቀያየሙ ግን የዚያ ቤት ምግብ ይዘገያል፤ ልጆቹም ይራባሉ። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው፥ ይኸው ነገር በአገር መጠን ሲሆን ምን እንደሚመስልና መድኃኒቱም ምን እንደ ሆነ ነው።

ችግሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የሕዝቧ ቍጥር እየበዛ ሲሄድ፥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ አለቀ። እንጨቱን ከሩቅ ማምጣት ስላስቸገረ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፥ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ይህን አሳብ ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቈረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የማገዶ ማጣት የመንግሥትን መቀመጫ እስከ ማስነሣት የሚደርስ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ነዳጅ ዘይት ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነዳጅ የሚሸጡት የዐረብ አገሮች ምርታቸውን ቀነሱ። 3 ዶላር ያህል ይሸጥ የነበረው አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ስለ ተጨመረ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ያ አድማ በዚያ ዓመት የዘውዱን መንግሥት ለመውደቅ ካበቁት ሁከቶች አንዱ ሆነ።

ሦስተኛውን ምሳሌ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ2001 ዓ.ም. ዝናም አንሶ የግድቦቹ ውኃ በመጕደሉ ኤሌክትሪክ በተራ ይታደል ነበር። ወፍጮ ቤቱም፥ ፋብሪካውም፥ ዳቦ ጋጋሪውም ተራውን ጠባቂ ሆነ። ውኃው የገዛ አገራችን ሀብት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን በመሆኑ ዝናም ሲቀር እርሱም ተከትሎ ቀረ።

እነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የአንድ አገር ኃይል ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚቀዳ ከሆነ፥ ያ ምንጭ ከውጭ ቢመጣም ሆነ ከአገር ውስጥ ቢገኝ፥ አገሩ በሥጋት ይኖራል።

የነዳጅ ዘይትና የድንጋይ ከሰል የጥንት ዕፀዋትና ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት በምድር ውስጥ ተቀብረው፥ በሚሊዮን በሚቈጠር ዘመን በሙቀትና በክብደት የተለወጡ ቅሪቶች ናቸው። በእኛ ዕድሜ ሊተኩ አይችሉም። ሲቃጠሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ከእነርሱ ወጥቶ በአየር ውስጥ ይከማቻል፤ ከምድር የሚነሣውንም ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያስቀራል። ስለዚህ የዓለም ሙቀት እየጨመረ የዝናሙ ልማድ ይዛባል። ይህም ዝናም ጠብቆ ለሚያርስ ገበሬና በወንዝ ውኃ መብራት ለሚያበራ አገር ታላቅ ጉዳት ነው።

በአገራችን ኤሌክትሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጨው ከውኃ ነው። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፥ በጂቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚገባው ቤንዚንና ናፍጣ አብዛኛው የሚቃጠለው በመንገድ ላይ፥ በተሽከርካሪዎች ሞተር ውስጥ ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ምንጮችን ማብዛት፥ ሁለተኛው ያንን ኤሌክትሪክ ነዳጅ በሚሠራበት ቦታ መተካት።

ስለ ምንጮቹ በመጀመሪያ እንናገር። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጭ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ይህም ከቆቃ ከመቶ ዕጥፍ በላይ ነው። ነገሩ የሚያኰራ ቢሆንም፥ ግድብ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚሞላው በዝናም መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው ምንጭ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከምሰሶ ላይ የተሰቀሉትን ረጃጅም ክንፎች ሲያዞር፥ ክንፎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መሣሪያ ያዞራሉ። በመቐለ አቅራቢያ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ 120 ሜጋዋት፥ በአዳማ ሁለት ጊዜ የተሠሩትም 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። በአገራችን ነፋስ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፥ ወንዞች በሚጐድሉበት ወራት ነው። ስለዚህ ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት የግድቡ በር ጠበብ ተደርጎ ውኃው ይቀመጣል፤ ነፋሱ ሲቆም ደግሞ የተቀመጠው ውኃ ይለቀቃል። አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የምድር ውስጥ እንፋሎት ነው። በስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት የሳሳ በመሆኑ የውስጡ ሙቀት ወደ ላይ ቀርቦ ይገኛል፤ ፍል ውኃዎቻችንም የዚሁ ምልክት ናቸው። ጕድጓድ በጥልቅ ተቈፍሮ የሚወጣው እንፋሎት ተርባይን ያዞራል። በኢጣልያ አገር ላርዴሬሎ በተባለ ቦታ በ1904 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ አምስት አምፑሎች በሩ። ጎረቤታችን ኬንያ በኦልካርያ በ1981 እ.ኤ.አ. ጀምራ፥ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ግማሽ የሚጠጋውን ከምድር እንፋሎት ታገኛለች። በእኛም አገር በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ በአሉቶ 7 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጭ የመሞከሪያ ጣቢያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቢቋቋምም፥ በብልሽት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቆይቷል። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መቈፈር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ተቈፍሮም በቂ እንፋሎት ላይገኝ ይችላል። የተሠራውም ቢሆን ዐዋቂ ጠጋኝ ከሌለው ይቆማል። ሆኖም እንፋሎት ክረምት ከበጋ፥ ሌሊት ከቀን የማይለይ ኃይል ስለ ሆነ ለድካሙ ይበቃል።

አራተኛው ፀሓይ ነው። ከአሸዋ ከሚወጣው ሲሊኮን የተሠራ ሰሌዳ የፀሓይ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ለሥራ የሚበቃው የመጀመሪያው ሰሌዳ የተሠራው በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋው እጅግ ወርዷል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላልደረሰበት የገጠር ቤት፥ ባትሪ ያለው አንድ ትንሽ ሰሌዳ የላምባ ኩራዝን ተክቶ ልጁን ከጢስ አድኖ ያስጠናዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፥ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ የተዘረጋው የባቡር መሥመር ተመረቁ፤ ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና መግዛት ብቻውን አይበቃም። ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ሸክሙን ሊችሉ፥ መብራቱም ሳይቋረጥ ሊደርስ፥ መካኒኩም አዲሱን ሞያ ሊማር ያስፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ባለመኪናው ከነዳጅ ሰልፍ ወጥቶ መብራት እስኪመጣ ወደ መጠበቅ ይገባል።

ወጥ ቤትንም መዘንጋት አይገባም። ዛሬም አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ኤሌክትሪክ ያላቸውም ቢሆኑ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤት ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጥ ኃይል ከሚወስዱት አንዱ ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሳምንቱን እንጀራ አከታትሎ መጋገር፥ በየጊዜው እያጋሉ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ኃይል ያተርፋል። ሁሉም መብራት በሚያበራበት በምሽት ሰዓት አለመጋገርም ለሰፈሩ ትራንስፎርመር ዕረፍት ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለኃይል ምንጮችም ይሠራል። ውኃ፥ ነፋስ፥ እንፋሎትና ፀሓይ እያንዳንዳቸው ጕድለት አላቸው፤ ተባብረው ሲሠሩ ግን የአንዱ ጕድለት በሌላው ይሸፈናል። እሳቷን አዳፍና ያደረች ባለቤት ጎረቤቷን አትጠላም፤ ቡና ለመጠጣትና ለመጫወት ትሄድባታለች እንጂ ፍም ለመለመን አትሄድም። የአገርም ነገር እንደዚሁ ነው።