በአየር ላይ የቆመ ቤት

አሜሪካኖች ሞተርሆም የሚሉት መኪና ከውጭ ሲያዩት አውቶቡስ ነው፤ ሲገቡበት ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወርና ፍሪጅ ያለው ቤት ነው። ሞተራቸው ከኋላ የተገጠመው ትልልቆቹ የናፍጣ ሞተርሆሞች ብዙዎቹ ከ15 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው ባሌስትራ ላይ አይደለም፤ በጎማ ከረጢት ውስጥ በታመቀ አየር ላይ ነው። ይህ አየር ለሁለት ጌታ ይገዛል። መኪናው ሲሄድ አንዱን ይታዘዛል፣ ሲቆም ሌላውን፤ ትእዛዞቹ ደግሞ ይጋጫሉ።

ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ላየው ከረጢቱ ብዙም አያስደንቅም። በክር የተጠናከረ ወፍራም ጥቁር ጎማ ነው፤ ላዩ በብረት ተዘግቶ ከሻንሲው ጋር ታስሯል፣ ታቹ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። ሸክሙን የያዘው ጎማው ሳይሆን አየሩ ነው። ለሙሉ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ መኪናው ባዶ ሲሆን ያንገጫግጫል፣ ለባዶ የተሠራው ደግሞ ሲጫን ይተኛል። አየር ግን ጭነት ሲበዛ ይጨመርለታል፣ ሲያንስ ይቀነስለታል። ሆኖም ከረጢቱ እንደ ባሌስትራ አክስሉን ቦታው ላይ አስሮ መያዝ አይችልም፤ ለዚህ የብረት ዘንጎች ያስፈልጉታል፣ ዝላዩንም የሚያበርደው አሞርዛተር ነው።

በመንገድ ላይ የሚያዘው ጌታ የከፍታ ቫልቭ ነው። ከሻንሲው ላይ ታስሮ ትንሽ ክንድ ወደ አክስሉ ይዘረጋል። ውሃ ተሞልቶ፣ ሻንጣ ተጭኖ ቤቱ ዝቅ ሲል ክንዱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቫልቩም አየር ወደ ከረጢቱ ያስገባል። ጭነቱ ሲወርድ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ አየሩም ፍስስ እያለ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ድምፅ በደንብ ያውቁታል። የሚገርመው የቫልቮቹ ቁጥር ነው። መኪናው አራት ማዕዘን ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የሚገጠሙት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት። በአራቱም ማዕዘን ቢደረግ አንዱ ያነሳውን ሌላው እያወረደ አይስማሙም፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም እንደማይነቃነቅ ሁሉ፣ እዚህም ሦስቱ ይበቃሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሚማርከኝ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 የተሠራው የጄኔራል ሞተርስ ጂኤምሲ ሞተርሆም ነው። ኩባንያው በአየር ላይ የሚቀመጥ አውቶቡስ ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይሠራ ስለነበር አየሩ አዲስ አልነበረም። የዚህ መኪና ብልሃት ሌላ ቦታ ነው። ኃይሉ ኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ከተባለው መኪና በተወሰደ አሠራር ወደ ፊት ጎማዎች ስለሚሄድ ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚያልፍ ዘንግ የለውም፤ ወለሉም ለመሬት ቅርብ ሆነ። ከኋላ በያንዳንዱ ጎን ሁለት ጎማ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው አንድ የአየር ከረጢት ተጋድሞ ሁለቱንም ይገፋል። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የኋላውን ግራና ቀኝ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር። የፊቱ ግን በአየር ስላልሆነ ከዚያ በኩል የሚደረግ ነገር የለም።

መኪናው ሲቆም ነው ጠቡ የሚጀምረው። የከፍታ ቫልቩ የሚያውቀው ከአክስሉ ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ተዳፋት ላይ ሲቆም ቤቱ ከመሬቱ ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ ርቀቱ ስላልተለወጠ ግን ለቫልቩ ሁሉም ሰላም ነው። ስለዚህ ለመኝታ ሲቆም ይህ ቫልቭ ይዘጋና ሥልጣኑ ለሌላ ይሰጣል፤ ውሃ ልክን የሚያነብ መሣሪያ በየማዕዘኑ አየር እያስገባና እያስወጣ ቤቱን ያስተካክላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ለፍሪጁ። የሞተርሆም ፍሪጅ ለብዙ ዘመን ያለ ሞተር የሚሠራ ነበር፤ ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1922 ገና ተማሪ ሳሉ የፈጠሩት። በጋዝ እሳት አሞኒያን ከውሃ ለይቶ ያፈላል፤ አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ ተመልሶ ሲተን ሙቀት ይስባል፣ ከዚያ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ወደ ታች ይፈሳል። የሚገፋው ነገር የለም፣ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። መኪናው ካዘነበለ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እሳቱ ደረቁን ቱቦ ያቃጥላል፣ ፍሪጁም ዳግመኛ ላይቀዘቅዝ ይችላል። በጉዞ ላይ ወዲያና ወዲህ ስለሚወዛወዝ ችግር የለውም። ዛሬ ብዙ ሞተርሆሞች እንደ ቤት ፍሪጅ ባለ ኮምፕሬሰር እየያዙ ስለሆነ ይህ ምክንያት እየሳሳ ነው። መጥበሻ ላይ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጥግ መሄዱና እግር ከራስ በላይ ሆኖ ማደር ግን አሁንም አሉ።

ቤቱን በአየር ማስተካከል ግን ድክመት አለው። አየር ቀስ እያለ ያመልጣል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የአየር ኮምፕሬሰሩ ይነሳና ያጓራል፣ ሰው ሲራመድም ቤቱ ይወዛወዛል። ለረጅም ቆይታ እኔ ሃይድሮሊክ ክሪኩን እመርጣለሁ፤ እሱም ቢሆን በሙቀት የላላ አስፋልት ውስጥ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ ይፈልጋል። በክሪኩ የኋላ ጎማዎችን ከመሬት ማንሳት ደግሞ አደገኛ ነው፤ የማቆሚያ ፍሬኑ የሚይዘው እነሱን ስለሆነ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። የአየር ማስተካከያም ክሪክም የተገጠመላቸው መኪኖች መጀመሪያ አየሩን አስወጥተው ዝቅ ይላሉ፣ ከዚያ ክሪኩን ያወርዳሉ።

ፍሬኑም የሚሠራው በዚሁ አየር ነው። አየር ባነሰ ጊዜ ቅድሚያ ለፍሬኑ ነው፤ ግፊቱ በቂ እስኪሆን ድረስ ወደ ከረጢቶቹ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። አየር ያፈሳል ብሎ የጠረጠረ የሳሙና ውሃ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ይቀባና አረፋ የሚነፋበትን ያያል። ይህን ሲያደርግ ግን ሻንሲው በብረት መቆሚያ መደገፍ አለበት፤ ከረጢት ከፈነዳ ያ ሁሉ ቶን ለመውረድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ጠዋት ለመሄድ ሲነሱም የመንገዱን ቫልቭ መልሶ ከፍቶ ከረጢቶቹ እስኪሞሉ መጠበቅ ነው፤ አለዚያ ቤቱ ጎማው ላይ እንደተኛ ይነዳል።