የቀድሞውን የዳንስ ኦርኬስትራ ቃና በሸክላ ስለ ማደስ

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የአሜሪካን የዳንስ አዳራሾች በለሰለሰ ዜማ ይሞሉ የነበሩት ኦርኬስትራዎች የተቀረጹት፣ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ በሚይዝና የመሣሪያዎቹን ሙሉ ድምፅ መሸከም በማይችል ሸክላ ላይ ስለ ነበረ፣ በ1948 ለረጅም ጊዜ የሚያጫውተው ሸክላ ወጥቶ ኋላም ስቴሪዮ ሲከተል፣ ያንኑ ቃና በጠራ ድምፅ ለመስማት የሚናፍቅ ብዙ ሰው ተገኘ። ስለዚህም በ1950ዎቹ መጨረሻ የኦርኬስትራ መሪው ግሌን ግሬይ ለካፒቶል የሸክላ ኩባንያ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያም የሙዚቃ አቀናባሪው ቢሊ ሜይ ለታይም ላይፍ ኩባንያ፣ የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን ሰብስበው የቀደሙትን ሊቃውንት ሥራ እንደ ገና አስቀረጹ።

ድካሙ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ሜይ አሮጌውን ሸክላ ደጋግሞ እያደመጠ የየመሣሪያውን ድርሻ በኖታ ይጽፍ ነበርና። ከእነዚያ ሊቃውንት የአንዱ፣ የግሌን ሚለር ኦርኬስትራ ቃና እንዲገኝ፣ ክላሪኔቱ ከሳክስፎኖቹ በላይ ሆኖ ዜማውን ሲመራ፣ አንድ ቴነር ሳክስፎን ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ሊከተለው ይገባል፤ ይህስ በጽሑፍ ይያዛል። የጋይ ሎምባርዶ ኦርኬስትራ ምስጢር ግን፣ ወንድሙ ካርመን ይመራቸው የነበሩት ሳክስፎኖች በኅብረት ያርገበግቡት በነበረው ሰፊ ንዝረት ውስጥ የተሠወረ በመሆኑ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው፤ ተጫዋቹ ዕድሜ ልኩን የለመደውን የገዛ ትንፋሹን ትቶ፣ ከአጠገቡ ከተቀመጡት ጋር በአንድ አነፋፍ መስማማት አለበትና።